ሻምበልና ስድስቱ ጀሪካኖች

ሙዓዝ ውሻ ስለማምጣት ማሰብ ሲጀምር መጀመሪያ የቆጠረው ጀሪካን ነበር። ስድስት ናቸው፤ አራቱ ቢጫ፣ ሁለቱ ዘይት የነበረባቸው ነጭ። ሐሙስ ማታ ቆጠራቸው። በአንድ ሌሊት እንደማይወልዱ እያወቀ፣ ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት እንደገና ቆጠራቸው።

ሚስቱ ቢልቂስ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከተቀመጠች መነሳት ስለሚከብዳት፣ ከተቀመጠችበት ሆና ሁሉን ነገር ታያለች።

«ምን ጎደለ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትቆጥራለህ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው አልነበረም።

ቤታቸው ከኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ኪራዩ የቀለለላቸውም ዳር ስለሆነ ነው። አጥሩ ቋሚው ተተክሎ ቆርቆሮው ገና አልተመታም፤ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውም ተጠርቶ አይሰማም። ሙዓዝ የብስኩት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ይገባል። ባለፉት ሁለት የሌሊት ሳምንታት ሌባ መጥቶባቸዋል። በመጀመሪያው፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ከነሳፋው ጠርጎ ወሰደ፤ ለሚወለደው ልጅ የተገዛችው ቢጫ ሹራብም አብራ ሄደች። በሁለተኛው በሩን ነቀነቀ። ቢልቂስ ጠረጴዛውን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ድምፅዋን አወፍራ «ሙዓዝ ተነስ! ገጀራውን አምጣው!» ብላ ጮኸች፤ የነቀነቀውም ሰው ሄደ። ጠዋት ይህን ስትነግረው እየሳቀች ነበር። ጠረጴዛውን ግን ወደ ቦታው አልመለሰችውም።

ከዚያ ወዲህ የምትናገረው አንድ ነገር ነው። «ሰኞ ሌሊት ትገባለህ። እስከዚያ እዚህ ግቢ የሚጮህ ነገር ካልተገኘ፣ እኔ ገራዶ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ ወግ ነው፤ በዘጠነኛው ወር ብትሄድ ሙዓዝም ባልከፋው። አሁን ፈርታ ከሄደች ግን ሌላ ነው። እናቷ ወይዘሮ ራሂማ «ልጄን ቤት ጠባቂ አድርጌ አልዳርኳትም» ብለው በስልክ ተናግረዋል። ከነልጇ ወደዚህ ቤት መልሰው እንደማይልኳት ያውቃል። ሌላ ቤት ለመከራየት ደሞዙ አይደርስም። ፈረቃ እንዲቀይሩለት ደግሞ አለቃውን መጠየቅ አለበት። ሦስት ጊዜ ወደ አለቃው ቢሮ ሄዶ፣ ሦስት ጊዜም በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቦ ተመልሷል። ማስታወቂያው ስለ ጓንት ነበር።

የውሻውን ነገር ያመጡት የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ገበየሁ ናቸው። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። እናትና ልጅ ሁለት ውሾች ሲኖሯቸው አከራያቸው «አንዱ ይበቃል» አላቸው። ትርፍ የሆነው ልጁ ሻምበል ይባላል፤ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ቡናማ ውሻ ነው።

«አንድ ባለ ልኳንዳ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ሊወስደው ይመጣል» አሉት ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ። «ቀድመህ ከመጣህ ግን ያንተ ነው። ወላሂ ልበልህ?»

«እርስዎ ደግሞ ወላሂ ይላሉ እንዴ?»

«ከናንተ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ ምን ልበል ታዲያ?»

«ዋጋው…»

«ሂድ ወዲያ! ውሻ ይሸጣል እንዴ? የሚበላው ካለህ በቃኝ። ደግሞ ላንተ የግድ ነው። አንተ እንደሆነ አትናገር፤ የሚናገርልህ ይኑርህ እንጂ።»

በሩ ላይ ለፍተሻ የተሰለፈው ሠራተኛ ሁሉ ሳቀ። ሙዓዝም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ጋለ።

የሚበላው ነገር አሳስቦታል። ውሻ የሚኖረው በትራፊ ነው፤ የሙዓዝ ቤት ደግሞ ትራፊ የለበትም። የቀረበው እንጀራ ያልቃል፤ ወጡም ሳህኑ እስኪያብረቀርቅ ይጠረጋል። ቢልቂስ አሁን የምትበላው ለሁለት ነው። ይህን ግን «አላህ ያውቃል» ብሎ ለጊዜው አለፈው። ሊያልፈው ያልቻለው ውሃውን ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ኒካቸውን ያሰሩላቸውን ሼህ መሕሙድን መስጊዱ ደጅ ላይ ጠበቃቸው። አንዱ ለታመመ ልጁ ዱዓ ያስደርጋል፤ አንዱ የድንበር ክርክሩን ያወራል። ሙዓዝ ተራው ሲደርስ በሹክሹክታ ጀመረ።

«ጮክ በል ልጄ» አሉት ሼሁ።

«ውሻ… ለግቢ ጥበቃ… ይቻላል ወይ?»

«ለጥበቃ ከሆነ ይቻላል። ከቤት አታስገባው። አፉን የነከረበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ ታጥበዋለህ፤ አንዱን ጊዜ በአፈር።»

ሙዓዝ ሌላም ጥያቄ ነበረው። ዕቃ ብቻ ነው? የታከከው በርስ? የቢልቂስ ቀሚስ ጫፍስ? ደጅ የሚያድሩት ጀሪካኖችስ? ከኋላው የቆመው ሰውዬ ግን «ወንድም፣ ጨረስክ?» አለው።

«ጨረስኩ» አለና ዞር አለ። አልጨረሰም ነበር።

መንገዱን ሙሉ ያልጠየቀውን ጥያቄ ራሱ መለሰ። ራሱ ሲመልስ ደግሞ ከሼሁ ይልቅ የከበደ ሆነ። በሩን ቢታከክ ሰባት ጊዜ። የመስገጃው ምንጣፍ የሚሰጣበትን ድንጋይ ቢረግጥ ሰባት ጊዜ። ቢልቂስ ለዚያ ሁሉ ስታጎነብስ ታየችው። ቧንቧው የሚመጣው በስምንት ቀን አንዴ ነው፤ ያውም ለጥቂት ሰዓት። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከባለ ጋሪ ይገዛል። ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኖቹን በየሥራቸው ለይቶ ደረደራቸው። ሁለቱ ለመጠጥና ለምግብ፣ አንዱ ለውዱእ፣ ሁለቱ ለልብስ፣ አንዱ ለገላ። ለውሻው የሚተርፍ የለም። በእሱ ሂሳብ ሻምበል በሳምንት አሥራ አንድ ጀሪካን ይፈልጋል። ደጋግሞ አሰበው፤ አሥራ አንድ።

«በአላህ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እነዚህ ጀሪካኖች ምን አድርግ እያሉህ ነው?» አለች ቢልቂስ።

አሁን ነገራት። በሩን፣ ድንጋዩን፣ ቀሚሱን፣ አሥራ አንዱን ጀሪካን። ቢልቂስ አፏን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አንተ! ውሻ ነው ዓሣ ነው የምታመጣልኝ?»

«አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም። ሼሁ በሩንም እጠብ አሉህ?»

«እ… አላሉኝም።»

«አትጠብ አሉህ?»

«እሱንም አላሉኝም።»

«እንግዲያው ሂድና ጠይቃቸው። ቤታቸው እዚህ ነው። እኔ ምኑንም አላውቅ፤ እናቴ ውሻ በአጥራችን ጥግ ሲያልፍ እንኳ ድንጋይ ነው የምታነሳው። ሂድ!»

ሄደ። የሼህ መሕሙድ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰውዬው ከውስጥ፣ ከጥላው ሥር ሆነው ከልጅ ልጃቸው ጋር በቆሎ ይፈለፍላሉ። ሙዓዝ «አሰላሙ ዓለይኩም» ለማለት አፉን ከፈተ። ከዚያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ እንደገና መምጣቱ፣ ዓርብ ሳይሰማቸው የሄደ ያስመስለዋል ብሎ አሰበ፤ አለፈም። ከማዞሪያው ተመልሶ መጣና እንደገና አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ እርምጃውን አፈጠነ፤ አንድ የሚቸኩልበት ጉዳይ እንዳለው ሰው።

«የሉም» አላት ቤት ሲገባ።

ቢልቂስ አየችው። ከአልጋው ሥር ሰማያዊውን ቦርሳ አወጣችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

እሑድ በማለዳ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ላይ ተሳፈሩ። ቦርሳውን ሙዓዝ ጭኑ ላይ ይዞታል። የተስማሙት እንዲህ ነው፤ እሷ ከደሴ የገራዶን መኪና ትይዛለች፤ እሱ ቧንቧ ውሃ ሄዶ ለጋሽ ገበየሁ «ውሻውን አልወስድም» ይላቸዋል። ይህን በስልክም ማለት ይችል ነበር። እምቢ የሚል ቃል በስልክ ማውጣት ግን ከፊት ለፊት ከማውጣት ይከብደዋል፤ ፊት ለፊት ቢያንስ ሰው ፊቱን አይቶ ይረዳለታል። መኪናው በየጠመዝማዛው ሲያጋድል ቢልቂስ ትከሻው ላይ ትደገፋለች፤ ቀና ሲል ቀና ትላለች። ሙዓዝ የመስኮቱን መስታወት ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው።

«ወይ ክፈተው ወይ ዝጋው ወንድሜ!» አለ ከኋላ ያለ ሰው።

መናኸሪያው ስትደርስ ቢልቂስ ወደ ገራዶ መኪና አልሄደችም።

«መጀመሪያ ያንን ውሻ ልየው» አለች። «በምን ምክንያት እንደምሄድ እንኳ ልወቅ።»

የጋሽ ገበየሁ ግቢ በር ሲንኳኳ ከውስጥ የወጣው ጩኸት ሁለቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ቢልቂስ የሙዓዝን ክንድ ጨበጠች። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቷ ፈታ ሲል አየ። ከወር ወዲህ እንዲህ ፈታ ብላ አይቷት አያውቅም።

«ይሄማ ይጮሃል» አለች።

ጋሽ ገበየሁ በሩን ከፈቱ። «ሻምበል! ቁጭ! እንግዳ ነው!» ውሻው ዝም አለ፤ እየዞረ ግን ያጉረመርማል። ጭራው ቀጥ ብሏል፤ አንድ ጆሮው ታጥፏል። «ደግ መጣችሁ። ባለ ልኳንዳው ደውሎ ነበር፤ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል። ይቺ ባለቤትህ ናት? አብሽሪ ልጄ፣ አይነካሽም።»

ሙዓዝ በመንገዱ ሙሉ ያሰናዳውን ንግግር ሊጀምር ሲል ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። በዚያው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን፣ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውዱእ ያደርጋሉ። የተከራዩዋትን አንዲት ክፍል ግድግዳ አየ። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸው ከጭንቅላት በላይ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ጀሪካኑ ሁሉ ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ነው። ከታች፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ የተሰበረ የሸክላ ገል ተቀምጧል። ሻምበል ሄዶ እሱን ላሰና ተመለሰ። ማንም ተነስቶ ገሉን አላጠበም።

ሙዓዝ አሮጊቷ እስኪጨርሱ ጠበቀ። የሚያውቃቸው ሴትዮ አይደሉም። ቢልቂስ ታየዋለች፤ ቦርሳው እጁ ላይ ነው።

«እማማ» አለ። «ይቅርታ… አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ ልጄ።»

«ውሻው ካለ… ሰባት ጊዜ… በየቀኑ ነው የሚያጥቡት?»

«ምኑን?»

«ሁሉን።»

እማማ ሳሊሃ የሚባሉት አሮጊት ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «አጃኢብ! እዚህ ሰፈር? ስሙ ቧንቧ ውሃ ስለሆነ ውሃ ያለ መሰለህ? ከዚህ ውሻ እናት ጋር አራት ዓመት ኖርኩ። በአፈር ያጠብኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም የኔው ጥፋት ነው፤ ወተት ሳልከድን ወጥቼ። የሱ ዕቃ መሬት፣ የኔ ዕቃ ቆጥ ላይ። በቃ።»

«በሩንስ ቢታከክ? ቀሚስ ቢነካ?»

«እሱን ሼህህን ጠይቅ። እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም።»

ቢልቂስ እጇን ዘረጋችና ከሸሚዙ ኪስ ስልኩን አወጣች። የሼህ መሕሙድን ቁጥር ፈልጋ ደወለችና ሰጠችው። እየጠራ ነው። በዚያች ቅጽበት በውጭ በር በኩል አህያ አለፈች፤ ሻምበል እንደ አበደ ሆኖ በሩ ላይ ተወረወረ።

«ሃሎ?» አሉ ሼሁ።

«ሼህ! እኔ ነኝ፣ ሙዓዝ!»

«ማን?»

«ሙዓዝ!» ከውሻው በላይ ካልጮኸ የሚሰማው የለም፤ ስለዚህ ጮኸ። «የብስኩት ፋብሪካው! ውሻ በሩን ቢታከክ ሰባት ጊዜ ይታጠባል ወይ?»

«ለምን ትጮህብኛለህ?»

«ውሻው ነው ሼህ! ደግሞ ቀሚስ ቢነካስ?»

በስልኩ ውስጥ የተሰማው ሳቅ እስከ ቢልቂስ ደረሰ። «አንተ ልጅ፣ ዕቃ አልኩህ እንጂ በር አልኩህ? ደረቅ ጸጉር ደረቅ ልብስ ቢነካ ምን አለበት! ምራቁ ካረፈ ያረፈበትን ቦታ ታጥባለህ። ለራሱ ገል ስጠው፣ የናንተን ዕቃ ከፍ አድርጉ። ለመሆኑ ትናንት በደጄ ሦስት ጊዜ የተመላለስከው ለዚህች ነው? ግባ ልልህ ስነሳ እኮ ሮጥክ!»

አህያዋ ርቃለች፤ ሻምበል ዝም ብሏል። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሙዓዝ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ፤ ቀና ብሎ ግን ማየት አቃተው።

«የሉም አልነበር ያልከኝ?» አለች ቢልቂስ በዝግታ።

«ነበሩ።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

«ሼህ መሕሙድን?»

«እሳቸውን አይደለም። መጠየቁን።»

ጋሽ ገበየሁ ያልሰሙ መስለው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «እኔ ስፈራ ፈራሁ አልኩህ» አለች ቢልቂስ። «አንተም ስትፈራ ፈራሁ በለኝ። አሥራ አንድ ጀሪካን አትበለኝ።»

«እሺ።»

«ሌላውን እንጃ እንጂ፣ ውሃው ይበቃናል።»

«የሚበላውስ?» አለ ሙዓዝ። የሐሙሱ ጭንቀት አሁን ተመልሶ መጣ። «ቤታችን የሚተርፍ ነገር የለም ጋሽ ገበየሁ። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው። ልኳንዳ ቤት ይሻለዋል።»

«የፋብሪካው ክበብ ማታ ማታ ስንት ትራፊ ይደፋል! ክበቡን የምትይዘውን ኩኩን ጠይቃት። ለጠየቃት ትሰጣለች።»

«በየቀኑ?»

«ውሻው በየቀኑ አይደል የሚበላው!»

ቢልቂስ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ወይኔ ሙዓዝ፣ ይሄ ውሻ ላንተ ውድ ነው! አቅምህን እይ።»

ሙዓዝ አቅሙን አየ። በሳምንት ስድስት ቀን ኩኩ ፊት ይቆማል። ኩኩ ደግሞ አፈኛ ናት፤ ሳህን የምታቀብልበትን መስኮት ተደግፋ በሰው የምትቀልድ። «ለውሻዬ» ሲላት ምን እንደምትል ከአሁኑ ይሰማዋል። ከዚያ ሰማያዊውን ቦርሳ አየ። ውሻውንም አየ። ሻምበል የታጠፈች ጆሮውን ይዞ አፍጥጦበታል፤ የማያውቀው ሰው ነውና ገና ሊጮህበት ያስባል።

«እጠይቃታለሁ» አለ። «ይፍቱልኝ።»

ገመዱን እንደያዙ መናኸሪያው ሲደርሱ ግን የመጀመሪያው ሚኒባስ ረዳት ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። «ውሻ አንጭንም! ሰው ውዱእ አለው!» ሁለተኛውም እንዲሁ። ቢልቂስ ቦርሳውን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለችበት።

«እኔን እንዳታየኝ» አለች። «እኔ አልጠይቅልህም። ፊት ለፊት የገራዶ መኪና ቆሟል፤ ከሞላ እሄዳለሁ።»

እየቀለደች ይሁን አይሁን ሊለይ አልቻለም። የገራዶው ረዳት «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል። ሙዓዝ ከውሻው ጋር ወደ ጭነት መኪኖቹ ሄደ። ባዶ ጆንያ የጫነ አንድ ሹፌር እምቢ አለው። ቆርቆሮ የጫነው አልመለሰለትም። ሦስተኛው፣ ብርቱካን አራግፎ የሚመለስ የአይሱዙ ሹፌር፣ ጫት እያኘከ በመስኮት አየው።

«ባለቤቴ እርጉዝ ናት» አለ ሙዓዝ፤ የሚናገረው ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ነበር። «እሷን ጋቢና፣ እኔንና ውሻውን ከኋላ። ኮምቦልቻ ድረስ። የሚገባውን እከፍላለሁ።»

«ይናከሳል?»

«እኔንም ገና አላወቀኝም።»

ሹፌሩ ሳቀ። «ጫነው በቃ!»

ሙዓዝ ዞር ሲል ቢልቂስ ቀድማ ተነስታ፣ ቦርሳዋን እየጎተተች ወደ እሱ ትመጣለች። ከኋላዋ የገራዶው ረዳት «እናት! ቦታ ነበረሽ እኮ!» ይላል።

ሰኞ ማታ ሙዓዝ ወደ ሥራ ሲወጣ ከመንገዱ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አንዴ ውሻው ጮኸ ብሎ፣ አንዴ ዝም አለ ብሎ። «ሂድልኝ ወዲያ!» አለችው ቢልቂስ ከውስጥ። ሥራ ላይ የማሽኑ ጩኸት ሁሉ የሻምበል ይመስለው ነበር። በእረፍት ሰዓት ክበቡ መስኮት ላይ ቆሞ ትራፊ ጠየቀ። ኩኩ መጀመሪያ አልሰማችውም። ደግሞ ጠየቃት።

«ለውሻ?» አለች። «እኔ እኮ አንተን ድዳ ነው ብዬ ነበር የያዝኩህ!» ፌስታሉን ሞልታ ሰጠችው። ከኋላው የተሰለፉት እስኪበቃቸው ሳቁ፤ እሱ ፌስታሉን ይዞ ሄደ።

ሲነጋ ሩጫ ሊባል በሚችል እርምጃ ወደ ቤቱ ወረደ። ገና ከአጥሩ ሳይደርስ ሻምበል ተነሳበት። ጸጉሩን አቁሞ፣ ገመዱን ወጥሮ፣ ጌታው መሆኑን ጨርሶ ረስቶ ይጮሃል። ሙዓዝ አጥሩ ውጭ ቆመ። ከቋሚዎቹ መሃል ግቢው ይታየዋል። ስድስቱ ጀሪካኖች ድንጋይ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ከፍ ብለዋል። የልብሱ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሱ ሸሚዝ፣ የሷ ቀሚስ፣ ከጫፍ ደግሞ ተራግፎና ታጥቦ የተዘቀዘቀው ሰማያዊ ቦርሳ። ጤዛ አርሶታል። ሌሊቱን እዚያው አድሯል።

«ማነው?» አለች ቢልቂስ ከውስጥ፤ እንቅልፍ በጠገበ ድምፅ።

ውሻው አላሰማ አለው። ሙዓዝ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ከማዶ ያለው ጎረቤት እስኪሰማ። «ሙዓዝ ነኝ! ያዢልኝ ይሄን ውሻ!»